የአድማሱ አወዳደቅ

«ያዝ!» አለና ኤፍሬም ወረወረለት።

አድማሱ ሁለት እጁን ዘርግቶ ቀለበው። ከአውራ ጣት የማይበልጥ፣ ሁለት የሽቦ እግር ያለው ካፓሲተር ነበር። ካፓሲተር ከመብራት ከተነቀለ በኋላም የጠጣውን ኤሌክትሪክ በሆዱ ይዞ ይቆያል፤ እግሮቹን በነካው ሰው ላይ ያለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይለቅበታል። አድማሱ «ወይኔ እናቴ!» ብሎ ጮኸ። እቃውን አሽቀንጥሮ ወደ ኋላ ተንደረደረና ባዶ ካርቶኖቹ ላይ በጀርባው ተዘረረ። እግሮቹን አንፈራገጠ፣ ምላሱን በጎን አወጣ፣ ከዚያ ጸጥ አለ።

ሱቁ ውስጥ የነበረው ሁሉ ሳቀ። የተጠገነ ቴሌቪዥኗን ልትወስድ የመጣችው ሴትዮ ሳትቀር አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች። የጎረቤቱ ልብስ ሰፊ ሽፈራው መቆም አቅቶት የበሩን መቃን ተደገፈ። ጥቂት ቆይቶ አድማሱ አንድ ዓይኑን ብቻ ገለጠና፣ «ቀበራችሁኝ ወይስ ገና ነው?» አለ። ሳቁ እንደ አዲስ ተነሳ።

ትርሲትም ሳቀች። ባንኮኒው ጀርባ ቆማ የስልክ ካርድና የቻርጀር ገመድ የምትሸጠው እሷ ናት። ሱቁ የታላቅ ወንድሟ የኤፍሬም ነው። ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚያወጣው መንገድ ዳር ቴሌቪዥን፣ የኤሌክትሪክ ምድጃና ማይክሮዌቭ ይጠግናል። እናታቸው ከሞቱ ወዲህ ያሳደጋትም፣ ያስተማራትም፣ ትምህርቷን ስትጨርስ ሥራ ብታጣ «እኔ ጋ ነይ» ብሎ ባንኮኒው ጀርባ ያቆማትም እሱ ነው።

ለአዲስ ሰው ካፓሲተር መወርወር የኤፍሬም የቆየ ጨዋታ ነበር። ሰዉ ግን አይወድለትም። አንዳንዱ ተሳድቦ ይወጣል። አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አንገቱን አንቆት በስንት ልመና ነው የተላቀቁት። አድማሱ ግን ሌላ ሆኖ ተገኘ። መጀመሪያ የመጣ ዕለት የአንድ ደንበኛን ማቀዝቀዣ በጀርባው ተሸክሞ ነበር። እቃውን አውርዶ ላቡን ሳይጠርግ ኤፍሬም «ያዝ!» አለው። አድማሱ ያዘና ወደቀ። ወለሉ ላይ ሆኖ ዙሪያውን ሲያይ ሰው ሁሉ ይስቃል። አንድ አፍታ ፊታቸውን ተራ በተራ ካየ በኋላ እሱም አብሮ ሳቀ። ኤፍሬም ደስ ብሎት ምሳ ጋበዘው። በማግስቱም መጣ።

ከዚያ በኋላ ቀርቶ አያውቅም። እቃ ይሸከማል፣ ወለሉን ይጠርጋል፤ እያደር የቴሌቪዥን ጀርባ መፍታትና ብሎኖቹን በየመጠናቸው መለየት ጀመረ። ወለጋ ውስጥ የራሱ በቆሎ፣ የራሱ በሬዎች የነበሩት ሰው ነው። ከዚያ ተፈናቅሎ ከሚስቱ ከጌጤ ጋር ደብረ ብርሃን መጠለያ ውስጥ ይኖራል። ዕድሜው የኤፍሬምን አባት ባያህልም ታላቅ ወንድሙን ያህላል። ኤፍሬም ግን «አንተ አድማሱ» ነው የሚለው፤ እሱ ደግሞ ኤፍሬምን «አለቃ» ይለዋል።

አንድ ቀን ሱቁ ጭር ባለበት ሰዓት ትርሲት ጠይቃው ነበር።

«ጋሽ አድማሱ፣ አያምህም እንዴ?»

«ያማል እንጂ። ክንዴ ሲደነዝዝ ይውላል።»

«ታዲያ ለምን አትተወውም?»

አድማሱ ብሎኑን መፍታቱን ሳያቆም፣ «እኔ ስወድቅ ሰው ይስቃል» አላት። «ሲስቁ ደግሞ ነገም ና ይሉኛል። ዝም ብዬ ብቆም ማን ና ይለኛል?»

ደንበኛ መጣና ትርሲት ካርድ ልትሸጥ ዞረች።

ኤፍሬም የአድማሱን አወዳደቅ በስልክ እየቀረጸ ማሰራጨት ከጀመረ ወዲህ ሱቁ ስም አወጣ። ተመልካቹ በዛ። ሲበዛ ደግሞ ትንንሾቹ ካፓሲተሮች አሰልቺ ሆኑ፤ «ከፍ አድርገው!» የሚል መልእክት ይጎርፍ ጀመር። ኤፍሬም ከሞቱ ማይክሮዌቮች ሆድ ውስጥ ትልልቆቹን ካፓሲተሮች እያወጣ አጠራቀመ። እነዚህ በብዙ ሺህ ቮልት ጉልበት የሚሠሩ፣ ጠጋኝ ሁሉ የሚፈራቸው ናቸው። እሱ ግን አንድ ጣውላ ላይ በሁለት ረድፍ ደረደራቸው፤ ሁለቱን ረድፎች በሽቦ አያያዛቸውና ለጣውላው ስም አወጣለት። «አንበሳው» ይለው ነበር።

ትርሲት ጣውላውን ከሩቅ አይታ፣ «ይሄ እንደ ትንንሾቹ አይደለም አይደል?» አለችው።

«ይሄማ በሬ ይጥላል!» አለ ኤፍሬም። ፊቱ በኩራት በርቶ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነፋሱ አቧራውን እያነሳ የሱቁን ቆርቆሮ ያንኳኳል። ኤፍሬም ስልኩን ለትርሲት ሰጣትና ቀጥታ ስርጭቱን አስጀመራት። ራሱ እስከ ክርኑ የሚደርስ የጎማ ጓንት አጥልቆ በረጅም እንጨት እየነካካ «አንበሳውን» መብራት አጠጣው። ከዚያ በጣውላው ሁለት ጫፎች መካከል እንደ ፀጉር የቀጠነች ሽቦ አጋደመ።

ፍንዳታው የመስኮቱን መስታወት አርገበገበው። ሽቦዋ የለችም፤ ጭስ ብቻ ቀረ። ሽፈራው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ከሱቁ ሮጦ መጣ።

«ምን አፈነዳህ አንተ ሰውዬ?»

«ሳይንስ ነው!» አለ ኤፍሬም እየሳቀ። ወደ ስልኩ ጠጋ ብሎ የተመልካቾቹን ጽሑፍ ጮክ ብሎ ያነብ ጀመር። «‹ኧረ ድገመው!› ይላል አንዱ። ‹ሰውዬው የት አለ?› ‹የሚወድቀውን አምጣልን!› እሺ፣ እሺ! አድማሱ! ናማ፣ ሕዝብ እየጠራህ ነው!»

አድማሱ ከጓዳ የብሎን መፍቻ እንደያዘ ብቅ አለ። ጣውላውን አየና በሩ ላይ ቆመ።

«አለቃ፣ ይሄኛው ይቅርብኝ። ድምፁን ሰማሁት እኮ።»

«ማን ንካው አለህ? አልቋል፣ ተነቅሏል፤ ይኸው እያየህ!» ኤፍሬም የመብራቱን ገመድ ነቅሎ አሳየው። ረጅም የብሎን መፍቻ አንስቶ የጣውላውን አንድ ጎን ለአፍታ ነካ አድርጎ አገናኘ። ጠሽ ብሎ ብልጭታ ወጣ። «አየህ? የነበረውን ተፋው። አሁን አንስተህ መደርደሪያው ላይ አስቀምጥልኝ። ሌላ ምንም የለም።»

ይህን ብሎ ፊቱን ወደ ስልኩ አዞረና ጠቀሰ። አድማሱ እንዳይሰማው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ትንሽ ቅምሻ አስቀርቼለታለሁ» አለ። ስልኩን የያዘችው ትርሲት ሳቋን ለመቆጣጠር ከንፈሯን ነከሰች።

አድማሱ ወደ ጣውላው ሁለት እርምጃ ተራመደና ቆመ። ኤፍሬምን አላየውም። ሽፈራውንም አላየውም። ቀና ብሎ ትርሲትን አያት።

«ትርሲትዬ፣ ባዶ ነው?»

ትርሲት ራሷን ነቀነቀች። አዎ፣ ባዶ ነው።

አድማሱ ጎንበስ ብሎ ጣውላውን በሁለት እጁ፣ ከግራና ከቀኝ ያዘው።

አልጮኸም። እንደ ወትሮው ወደ ኋላ አልተንደረደረም። ጉልበቱ ከዳውና በፊቱ ተደፋ። ጣውላው ከእጁ አምልጦ ግድግዳውን መትቶ ቆመ።

«ተመልካቾች!» አለ ኤፍሬም እጁን እያጨበጨበ። «ይህ አዲስ አወዳደቅ ነው! እስከ ዛሬ አላሳየንም!»

ሽፈራው ሆዱን ይዞ ሳቀ። ትርሲት ስልኩ እጇ ላይ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። በስልኩ ፊት ላይ የሳቅ ምስሎች እየተግተለተሉ ያልፋሉ። ሁሉም ያንን የሚገለጥ ዓይን፣ ያንን «ቀበራችሁኝ ወይስ ገና ነው?» የሚለውን ይጠብቃሉ። አድማሱ ግን ዝም አለ።

«ዛሬስ አበዛኸው፣ ተነስ እንጂ» አለ ሽፈራው፤ በጫማው ጫፍ ጎኑን ነካ አደረገው። «የፊልም ሰው መሆን አምሮሃል?»

«ተወው፣ ይተኛ» አለ ኤፍሬም። «ሰው እየጨመረ ነው፤ ስልኩን ወደ እሱ አስጠጊው።»

ትርሲት አስጠጋችው። ያኔ ነው የአድማሱ ሱሪ ሲረጥብ ያየችው። ሽፈራውም አየና፣ «ኧረ ሸናበት!» ብሎ የባሰ ሳቀ። ትርሲት ግን ሳቋ ተቆረጠ። ስልኩን ባንኮኒው ላይ ጥላ ተንበረከከች፤ ትከሻውን ይዛ ገለበጠችው። ሁለቱም ዓይኖቹ ተገልጠዋል። አንዳቸውም አያዩአትም።

«ጋሽ አድማሱ! ጋሽ አድማሱ! ኤፍሬም፣ ትንፋሽ የለውም!»

ኤፍሬም መጀመሪያ የሄደው ወደ ሰውዬው አልነበረም። ወደ ጣውላው ነበር። በእጁ ሳይነካው አጎንብሶ አየውና ፊቱ ተለወጠ። ሁለቱን ረድፎች የሚያያይዘው ሽቦ በፍንዳታው ጊዜ ተነቅሎ ኖሯል። የብሎን መፍቻው ያራገፈው አንዱን ረድፍ ብቻ ነበር። ሌላኛው የጠጣውን ሁሉ እንደያዘ ነበር የቀረው።

«ሽቦው... ተነቅሎ ነው እንጂ...» አለ ለራሱ። በመጥረጊያው እንጨት ጣውላውን ወደ ጥግ ገፋና ስልኩን አንስቶ ስርጭቱን ዘጋው።

ባጃጅ ውስጥ አድማሱን ለሦስት ሆነው ጫኑት። እግሮቹ አልገባ ብለው በጎን ተንጠለጠሉ። ነፋሱ አንድ ጫማውን መንገድ ላይ ጣለው፤ የመለሰለት ሰው አልነበረም።

ሆስፒታሉ ውስጥ ወጣቷ ሐኪም ብዙ ታገለች። ስትወጣ ግንባሯ በላብ ርሶ ነበር።

«ከወደቀ በኋላ ቆይቶ ነው የመጣው?» ብላ ጠየቀች።

«ወዲያው ነው ያመጣነው» አለ ኤፍሬም።

«እንደ ወደቀ ደረቱን የተጫነለት ሰው ነበር? እንዲህ፣ በሁለት እጅ?»

ሽፈራው መሬት መሬት አየ። ሐኪሟ መልስ አልጠበቀችም። «ልቡ ቆሟል። መመለስ አልቻልንም» ብላ ጓንቷን እያወለቀች ገባች።

ሽፈራው ጌጤን ከመጠለያው ሊያመጣ ሄደ። ኤፍሬም እህቱን ክንዷን ይዞ ወደ ግቢው ጥግ፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ወሰዳት።

«ቪዲዮዎቹን ሁሉ አጥፍቻቸዋለሁ፤ ያየውም ሰው ቀልድ ነው የመሰለው» አላት። «አሁን ስሚኝ። ሰውዬው እኛ ጋ አይሠራም። ስልኩን ቻርጅ ሊያደርግ ገባ፤ እኛ ሳናይ እቃ ነካ። በቃ።»

«አንሳው አልከው እኮ።»

«ማን ሰማ?»

«እኔ።»

«አንቺማ እህቴ ነሽ።»

«ሽፈራውስ?»

«ሽፈራው ሥራ ላይ ነበር፤ ፍንዳታ ሰምቶ ነው የመጣው። ተነጋግረናል።» ድምፁ ለስላሳ ነበር፤ ድሮ ፈተና ስትወድቅ ሲያባብላት የነበረው ድምፅ። «ትርሲት፣ እኔ ብታሰር ሱቁ ይዘጋል። አንቺም ጎዳና ነሽ። ሆን ብዬ ነው የገደልኩት? ቀልድ ነው፤ ስንት ጊዜ የቀለድነው ቀልድ። እሱስ ቢሆን ይወደው አልነበር?»

«ይቅርብኝ ብሎህ ነበር።»

ኤፍሬም ክንዷን ለቀቀ። «አልሰማሁትም» አለ።

ጌጤ በባጃጅ መጣች። ቀጭን፣ ፊቷን ፀሐይ ያጠቆረው ሴት ናት። በአንድ እጇ ፔርሙዝ፣ በሌላው የታጠፈ ንጹሕ ሸሚዝ ይዛለች። ሽፈራው ከኋላዋ ዓይኑን እየሰበረ ይከተላል። እውነቱን ለመናገር አፉ እንዳልታዘዘለት ገና ስትወርድ ታወቀ።

«የት ነው የተኛው?» አለች ጌጤ በችኮላ። «ትንሽ ኤሌክትሪክ ያዘው አሉኝ። አጥሚት ይዤለታለሁ፤ ትኩስ ነገር ሲያገኝ ይሻለዋል።»

ሆስፒታሉ የጠራው ፖሊስ፣ ሳጅን ወልደ ሰንበት፣ ከውስጥ ወጥቶ እየመጣ ነበር። ሰዉ ነግሯት ያለቀ መስሎት እንደ ቆመ ጠየቃት።

«የሟች ባለቤት አንቺ ነሽ?»

ጌጤ ወደ ኋላዋ ዞር ብላ አየች፤ ሌላ ሴት የጠየቀ መስሏት ነበር። ከኋላዋ ሰው አልነበረም። ፔርሙዙ ከእጇ ወደቀና ውስጡ ያለው ብርጭቆ ሲሰበር ተሰማ። አልጮኸችም። እዚያው በፈሰሰው አጥሚት ላይ ተቀመጠች። ትርሲት ሮጣ ደግፋ ወደ አግዳሚው ወሰደቻትና አጠገቧ ተቀመጠች።

ሳጅኑ ደንግጦ መለዮውን አወለቀ። ጥቂት ታገሣት፤ ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እናቴ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ማጣራት አለብኝ» አላት። «ሥራው ምን ነበር?»

ጌጤ ቀና አለች። ዓይኖቿ ደርቀዋል።

«የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው» አለች። «እዚህ ከመጣን ወዲህ ነው ሙያ የያዘው። ቀን ሙሉ ሲሠራ ውሎ ክንዱ ደንዝዞ ይመጣል። እኔ አሽለታለሁ። ‹ትምህርት ነው፣ ሲለምዱት ይተዋል› ይለኛል። አለቃው ይወደዋል።»

ሳጅኑ ወደ ኤፍሬም ዞረ። «አለቃው አንተ ነህ?»

«አይ፣ አይደለሁም» አለ ኤፍሬም። እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከቷል። «እሜቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እኔ ጋ ሠርቶ አያውቅም። ተሸካሚ ነው። አልፎ አልፎ ስልኩን ቻርጅ ሊያደርግ ይገባል። ዛሬም ለዚያ ገብቶ የማያውቀውን እቃ ነካ። ሙያ ያልሽው... እንግዲህ አታሎሽ ይሆናል።»

ጌጤ ንጹሑን ሸሚዝ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ታስተካክለው ጀመር። ኮሌታውን በጣቷ ትዳብሳለች። «አታሎኝ?» አለች ቀስ ብላ። «ያን ሁሉ ጊዜ? ክንዱስ?» ከዚያ አጠገቧ ወደ ተቀመጠችው ትርሲት ዞረች። «አንቺ ትርሲት ነሽ አይደል? ‹ጋሽ የምትለኝ አንዲት ልጅ አለች› ብሎኛል። ንገሪኝ እስቲ። ዋሽቶኝ ነው?»

ትርሲት ወንድሟን አየችው። ኤፍሬም በዓይኑ ብቻ «ተይ» አላት። እነዚያን ዓይኖች ታውቃቸዋለች፤ የእናታቸው ቀብር ላይ እጇን ይዞ ከሕዝቡ መካከል ያወጣት ሰው ዓይኖች ናቸው።

«አልዋሸሽም» አለች። «እኛ ጋ ነው የሚሠራው። የቴሌቪዥን ጀርባ የሚፈታው እሱ ነው።»

«ትርሲት!» አለ ኤፍሬም።

«እቃውን አንሳው ያለው ማነው?» አለ ሳጅኑ።

«ወንድሜ ነው። ጋሽ አድማሱ ይቅርብኝ ብሎት ነበር። ኤፍሬም ራሱ በሬ ይጥላል ብሎም ነግሮኛል፤ አደገኛ መሆኑን ያውቃል። ትንሽ አስቀርቼለታለሁ ብሎ ነው ያስነሳው። ለቀልድ። ሲወድቅም ቀልድ መስሎን ዝም ብለን አየነው።»

«የማንን እንጀራ በልተሽ እንዳደግሽ አትርሺ!» አለ ኤፍሬም። ሳጅኑ ክንዱን ያዘው። እየተወሰደም ዞር ብሎ ያያት ነበር። ፊቱ ላይ ከቁጣው ይልቅ መገረሙ ይበዛ ነበር። ሽፈራው ማንም ሳይጠራው በበሩ በኩል ሊሾልክ ሲል እዚያ የቆመ ሌላ ፖሊስ መለሰው።

ግቢው ጭር አለ። ነፋሱ ባሕር ዛፎቹን ያወዛውዛል። ጌጤ የትርሲትን እጅ በሁለት እጇ ያዘች፤ መዳፎቿ ሸካራና ሞቃት ነበሩ።

«እግዜር ያክብርሽ፣ ልጄ» አለች። «ወንድምሽን አሳልፈሽ ሰጥተሽ እውነቱን ነገርሽኝ። እኔ አገር የለኝ፣ ዘመድ የለኝ፤ አንቺ ባትኖሪ ውሸታም አድርገው ይቀብሩት ነበር።» እንባዋ ያኔ መጣ። «ቃል ተናግሮ ነበር? ከመውደቁ በፊት? መጨረሻ ላይ ምን አለ?»

ትርሲት ስልኩን ይዛ ከካሜራው ጀርባ ነበረች። ጭንቅላቷ ሲነቀነቅ ያየው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ውስጥ አንሶላ ለብሶ ተኝቷል። ቪዲዮው ቢኖር እንኳ እሷ አትታይበትም። ስምሽን ጠራ ብትላት ሴትዮዋ ዕድሜ ልኳን ትይዘዋለች፤ ማንም አይጠይቅም።

«ጠየቀኝ» አለች።

«አንቺን?»

«እኔን። ‹ትርሲትዬ፣ ባዶ ነው?› አለኝ።»

ጌጤ በእንባዋ መሐል ፈገግ ልትል ቃጣት። «አምኖሽ ነዋ» አለች። «አንቺስ ምን አልሽው?»

እጇ ገና በጌጤ ሁለት መዳፎች መካከል ነበር። ትርሲት አልሳበችውም።

«ባዶ አለመሆኑን አውቅ ነበር» አለች። «ግን ባዶ ነው ብዬ ራሴን ነቀነቅኩለት።»